ሞት የተከለከለበት ቤት

አባቴ የሞተው ሐሙስ ጠዋት ነው። መሞቱ የተሰማው ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የማወራችሁ በሁለቱ መካከል ቤታችን ውስጥ ስለሆነው ነገር ነው። እስካሁን የነገርኳቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ "እንዴት አስቻላችሁ?" አሉኝ። በሳቁትም በጠየቁትም አልፈርድም። እኔም ከውጭ ሆኜ ብሰማው ኖሮ ከሁለት አንዱን አደርግ ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ሐዋሳ ፒያሳ ውስጥ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሞባይል የጥቂት ሰዎች መኩሪያ የሆነበት፣ ባጃጅ ከተማውን ያልወረረበት፣ ሐዋሳ ሁሉ በብስክሌት የሚሄድበት ዘመን ነው። አባቴ አቶ ሳሙኤል አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ብስክሌት እየጠገነና እያከራየ ነው ያሳደገን። እናቴ ወርቅነሽ ቤት ውስጥ ነበረች። ታላቅ ወንድሜ በረከት ደግሞ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በታይፎይድ ሞቶብናል።

የእኛ ነገር የሚጀምረው ከበረከት ነው። ከድሮም ጴንጤዎች ነን፤ አባቴ ከትልልቆቹ አጥቢያዎች በአንዱ ዲያቆን ሆኖ አገልግሏል። በረከት የሞተ ጊዜ ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ "የጌታ ፈቃድ ነው" ሲለው ጥርሱን ነክሶ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን ግን ሽማግሌዎቹ ፊት "ልጄን መግደል የፈቀደ ጌታ ከሆነ እኔ አልፈልገውም" ብሎ ተነሥቶ ወጣ። በዚያው ሰሞን ነው ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ ዘነበ የሚባል ሰው ጎማው ተንፍሶበት ሱቃችን የመጣው። አባቴ ጎማውን እየለጠፈ ስለ ልጁ አወራው። ዘነበ እስከ መጨረሻው ሰማውና "ጌታ አልፈቀደም። ሞት ውሸት ነው። እውነት ያደረግነው እኛ አምነን ተቀብለን ነው" አለው። አባቴ ያን ቀን ከሱቅ ሲመለስ እየሳቀ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ያየነው ያኔ ነው።

ዘነበ የሰበሰባቸው ሰዎች ብዙ አይደሉም፤ አንድ የኪራይ ቤት ሳሎን ይበቃናል። ደርግ ከወደቀ ወዲህ የጸሎት ቤት እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ስለነበር ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ሌሎቹ በድምፅ ማጉያ ሲጮኹ ዘነበ በሹክሹክታ ነበር የሚሰብከው፤ ጠጋ ካላልክ አትሰማውም፤ ሁላችንም ጠጋ እንላለን። ራሳችንን "ሕያዋን" እንል ነበር። አንቱታ የለም፤ ሁሉም ወንድምና እህት ነው። ለቅሶ አንደርስም፣ ጥቁር አንለብስም፣ "ሞተ" የሚለውን ቃል ከአፋችን አናወጣም። አባቴ አንዴ ሬዲዮኑ ባትሪ ጨርሶበት "ሞተ" ብሎ በማኅበሩ ፊት ንስሐ ገብቷል። የሰፈሩ ሰው "አይሞቴዎቹ" ብሎ ስም አወጣልን። በብስክሌት ሳልፍ ልጆች ከኋላዬ "አይሞቴ! አይሞቴ!" ይሉኛል። መጀመሪያ አካባቢ እኔም እስቅ ነበር።

ከሕጎቹ ሁሉ ሰፈሩን ያስቀየመው ከእድር መውጣታችን ነው። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሸምሱ ከቤታችን ፊት ለፊት ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። አባቴ ሄዶ "ስሜን ሰርዙልኝ" ሲላቸው አብሬው ነበርኩ።

"ምን አጠፋን?" አሉት ጋሽ ሸምሱ።

"ምንም አላጠፋችሁም። ለማይሆን ነገር አልዘጋጅም ብዬ ነው።"

"ሳሙኤል፣ ከእድር የሚወጣ ሰው አገር የሚለቅ ነው። ልትሄድብን ነው?"

"እንዲያውም ልኖር ነው" አላቸው አባቴ። ደረቱን ነፍቶ ነበር የተናገረው፤ እኔ ግን ጋሽ ሸምሱን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ጥርጣሬ የጀመረኝ እዚያ ይሁን ሌላ ቦታ እርግጠኛ አይደለሁም። አጥብቆ የያዘኝ ግን ሕፃን ሆኜ ያዘለችኝ ጎረቤታችን ያረፈች ጊዜ ነው። ድንኳኗ መንገዴ ላይ ተተክሎ ሥራ ስሄድም ስመለስም አንገቴን ደፍቼ በብስክሌት አለፍኩ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አየኝ። ቤት ገብቼ ለአባቴ "ሄጄ ባለቅስስ ምን ይሆናል?" አልኩት። "ለሞት እጅ መስጠት ይሆናል" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ አሜን እላለሁ፤ ሆዴ ግን አሜን አይልም።

በዚያ ሐሙስ ጠዋት እኔ ለሥራ እየለባበስኩ፣ አባቴ ጓሮ ፊቱን እየታጠበ ነበር። ጆጉ ሲወድቅ ሰማሁ። ስወጣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ግማሽ ፊቱ ላይ ሳሙናው እንዳለ ነው። እናቴ ከእኔ ቀድማ ደርሳ ሳሙናውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችለት "ሳሙኤል፣ ሳሙኤል" ትላለች። ዓይኑ ክፍት ነበር። ገና አፌን ስከፍት እናቴ ተስፈንጥራ በመዳፏ ዘጋችው።

"እንዳታወጪው!" አለችኝ። "ቃሉን እንዳታወጪው። አንድ ሰው ከሰማ አለቀልን። ሂጂ፣ ዘነበን ጥሪልኝ።"

እየከነፍኩ ገበያ ደረስኩ። ዘነበ ለአንዲት ሴትዮ አቡጀዴ እየለካ ነበር። ምን ብዬ እንደምነግረው ግራ ገባኝ፤ እኛ ዘንድ ለዚህ ነገር ቃል የለንም።

"ወንድም ዘነበ፣ አባዬ ተኝቷል" አልኩት።

"ተኝቷል?"

"አዎ።"

"ይተነፍሳል?"

"አይ።"

መቀሱን እንደከፈተ ቆመ። ሴትዮዋ "ኧረ ቁረጥልኝ" ስትለው ነው የነቃው። ጨርቁን አጣሞ ቆረጠላት።

ከረፋዱ ጀምሮ ሕያዋን አንድ አንድ እያሉ መጡ፤ ጎረቤት እንዳይጠረጥር አብረው አልገቡም። አባቴን አልጋው ላይ አስተኝተን መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነነዋል። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፤ የሐዋሳ የቀትር ፀሐይ ሲያርፍበት ምድጃ ይሆናል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ዘነበ በሹክሹክታው ተናገረ።

"አትዘኑ፤ ደስ ይበላችሁ" አለ። "ስንጠብቀው የኖርነው ቀን ዛሬ ነው። ወንድማችን በኩር ሆኖ ተመርጧል። እሱ ሲነሳ የተኙባችሁ ሁሉ ይነሳሉ።"

ይህን ሲል እናቴን ባያችኋት። "በረከትም?" አለችው።

"በረከትም።"

እህት አስቴር የምትባል ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ሁለት ልጆቿን ቀብራ ነው ወደ እኛ የመጣችው። ጉልበቴን ያዘችና "ምሕረት፣ እንዴት የታደልሽ ልጅ ነሽ" አለችኝ። የአባቴ ሬሳ ፊት ለፊቴ ተጋድሞ ሰው ቀናብኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ሟች አባቴ ላይ ጭኖታል። አባቴ ካልተነሳ የአስቴር ልጆች ዳግመኛ ሊሞቱባት ነው፤ በረከትም እናቴ ላይ ዳግመኛ ሊሞት ነው።

ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። እኔን ላኩኝ። ጋሽ ሸምሱ ናቸው።

"አባትሽ ምነው ሱቁን ዘጋ?"

"ትንሽ አሞት ተኝቷል ጋሽ ሸምሱ።"

"ምን ነካው? ልግባና ልየው እንጂ።"

"አሁን ገና እንቅልፍ ወስዶት ነው።"

ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ። ሄዱና ወዲያው በፌስታል ብርቱካን ይዘው ተመለሱ። "ሲነቃ ይመጥምጥ፤ ለሰውነቱ ጥሩ ነው። የፈለጋችሁት ነገር ካለ ደግሞ መጥራት ነው" አሉኝ። በሩን ዘግቼ ብርቱካኑን እንደታቀፍኩ ከበሩ ኋላ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ድምፄ ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ። እናቴ ብርቱካኑን ተቀብላ አባቴ ራስጌ ደረደረችው። "ሲነሳ ይርበዋል" አለች።

ሌሊቱን ዝም ልበለው። ሲነጋ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውን ለመካድ አፍንጫ የሌለው መሆን ያስፈልግ ነበር። ሴቶቹ ከጓሮ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆርጠው ወለሉ ላይ ነሰነሱ፤ አንዱ ወንድም ሽቶ ይዞ መጣ። ማንም ስለ ሽታው ቃል አልተነፈሰም። ዝንብ አባቴ ፊት ላይ ሲያርፍ እናቴ በነጠላዋ እሽ ትለዋለች፣ እንደተኛ ሕፃን። የአባቴ ከንፈር ጠቁሯል። ሕይወቱን ሙሉ ንጹሕ ሸሚዝ ሳይለብስ ከቤት የማይወጣ ሰው ነበር፤ እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት መጋደሙ አንገበገበኝ። እኔ በውስጤ የምለምነው እንዲነሳ አልነበረም፤ እንዲሸፈን ነበር።

ቀትር ሲቃረብ ዘነበ ጸሎቱን አቋረጠው።

"በመካከላችን የማያምን አለ" አለ። "ወንድማችንን አንድ ሰው ይዞታል። ልቀቁት።"

ከዚያ ሥርዓት አወጣ። እያንዳንዳችን ተራ በተራ እጁን ይዘን "ቆመህ አይቼሃለሁ" እንድንል ነው። እህት አስቴር ያዘችውና እያነባች አለች። እናቴ ሁለቱን እጆቹን ይዛ፣ በጭንቋ ጊዜ እንደምታደርገው ወደ ሲዳምኛ ገብታ "ማጋኖ፣ ማጋኖ" እያለች አምላኳን ከጠራች በኋላ በአማርኛ አለች። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። የአባቴን እጅ ያዝኩ። መዳፉ ውስጥ የብስክሌት ግራሶ የማይለቅ መስመር ሠርቶበት ነበር፤ መስመሩ እንዳለ ነው። እጁ ግን የማንም እጅ አልነበረም።

"ቆመህ አይቼሃለሁ" አልኩ።

ዘነበ ሳይቆጣ፣ እንዲያውም በርኅራኄ ዓይን እያየኝ "ልጄ፣ ያለው አፍሽ ብቻ ነው" አለኝ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያሉ ዓይኖች አይቼ አላውቅም። ጥላቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ልመና ነበር። እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ኩሽና ወሰደችኝ። በሩን ዘጋችና እግሬ ላይ ወደቀች። እናቴ፣ ልጇ እግር ላይ።

"እማዬ፣ ኧረ ተነሺ!"

"አልነሳም። እሱ ሳይነሳ አልነሳም። ምሕረት፣ ዘጠኝ ወር ተሸክሜሻለሁ። አንድ ቀን ይህን አድርጊልኝ ብዬሽ አላውቅም። ዛሬ ልለምንሽ፤ እመኚልኝ።"

"አምኛለሁ እማዬ።"

"አላመንሽም። ዓይንሽን አውቀዋለሁ። ሕፃን ሆነሽ ስትዋሺም እንዲሁ ነበርሽ።"

"እሺ እንዴት ነው የሚታመነው? ንገሪኝና ላድርገው!" አልኳት። ከልቤ ነበር። እንደ ልብስ የሚለበስ ነገር ቢሆን እዚያው እለብሰው ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። "እኔማ ምን አውቃለሁ ልጄ" አለች። "በረከትን ሳስበው ነው የማምነው። ሌላ ምንም የለኝም።"

ግድግዳው ሥር አብረን ተቀመጥን። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። አባቴ በዚያ በር ገብቶ "ምሳ አልደረሰም?" ሲል በዓይነ ሕሊናዬ ሣልኩት። ድምፁን ሰማሁት፤ ጥርሱን አየሁት። ከዚያ ዓይኔን ስገልጥ የባሕር ዛፉንና የሌላውን ነገር ሽታ በአንድ ላይ አሸተትኩ። አልቻልኩም። አባቴን እየወደድኩ፣ እናቴ እግሬ ሥር ወድቃ እየለመነችኝ፣ አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል እምነት ከራሴ ማውጣት አቃተኝ።

እናቴ ወደ አባቴ ስትመለስ እኔ አየር ልውሰድ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አባቴ የተበላሹ ብስክሌቶች የሚከምርበት ጥግ ላይ ዘነበ ጄሪካን ደፍቶ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

"ወንድም ዘነበ፣ ባይነሳስ?" አልኩት።

"ይነሳል።"

"ባይነሳስ?"

አጠገቡ ያለውን የብስክሌት ጎማ በእግሩ አዞረው። "እኔ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም" አለኝ። "ሰው ታሞብን ያውቃል፤ ጸልየን ድኗል። እንዲህ ሆኖብን ግን አያውቅም። አባትሽ የመጀመሪያው ነው።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ግን አሰብኩት። እውነት ነው። ማኅበራችን ገና ልጅ ነበር፤ ከአራት ዓመት ወዲህ አንድም ሰው አልሞተብንም። አንሞትም ብለን የኖርነው ማንም ስላልሞተ ነው።

"ታዲያ ለምን ይነሳል አልካቸው?"

"ምን ልበላቸው? አስቴር ዓይን ዓይኔን እያየች፣ እናትሽ 'በረከትም?' እያለችኝ ምን ልበላቸው?"

"አንተ ታምናለህ?"

"እናንተን ሳይ አምናለሁ" አለ። "ብቻዬን ስሆን እንጃ።" ቀጥሎም እንደ ታናሽ ወንድም ሆኖ "ምን ባደርግ ይሻላል ትያለሽ?" አለኝ።

ብጠላው እንዴት ደስ ባለኝ! አጭበርባሪ ነው ብዬ ብተፋበት ኖሮ ዛሬ ቀሎኝ እኖር ነበር። እሱ ግን የፈራ የጨርቅ ነጋዴ ነው። እናቴ በዘነበ ታምናለች፣ ዘነበ በእናቴ ያምናል፤ አስቴር ሁለቱን እያየች ታምናለች። ያ ሁሉ ሰው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ነው እንጂ መሬት የረገጠ አንድም ሰው አልነበረም። አባቴ በዚህ መሐል ሁለተኛ ቀኑን ይዞ ይሸታል።

በግቢው አልፌ ወደ ውጭ በር ሄድኩ። "ምሕረት!" ሲል ሰማሁት። በሩን ከፈትኩና መንገዱ ላይ ወጥቼ ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ።

"አባዬ ሞተ!" አልኩ። "ኡ ኡ! የሰፈር ሰው፣ አባዬ ሞተብኝ! አባቴን!"

ያን ቃል ለዓመታት ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። አንዴ ከወጣ በኋላ ማቆም አቃተኝ፤ አባቴንም በረከትንም ያቺን ያዘለችኝን ጎረቤቴንም በአንድ ድምፅ አለቀስኩ። በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ሮጡ። ጋሽ ሸምሱ ከጁምዓ ሶላት እየተመለሱ ነበር፤ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ደረሱና ደረታቸው ላይ አስጠጉኝ። ልብሴ ላይ ያለውን ሽታ እንዳሸተቱ አወቅሁ፤ ገላቸው ሲደነግጥ ተሰማኝ። ያሉት ግን "አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ" ብቻ ነው።

የእድሩ ሰዎች በራችን ላይ ተከራከሩ። "በፈቃዱ የወጣ ሰው ነው፤ ሕጋችን አይፈቅድም" ያሉ ነበሩ፤ ውሸት አልተናገሩም። ጋሽ ሸምሱ "ድንኳኑን አምጡ። ሕጉን ከቀብር በኋላ እናነበዋለን" አሏቸው። የድሮ አጥቢያችን ሽማግሌዎች መጥተው መቃብሩ በረከት አጠገብ እንዲሆን ፈቀዱ። ገናዦቹ ገብተው ሥራቸውን ጨርሰው ሲወጡ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ማንም ግን "መቼ ነው የሞተው?" ብሎ አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬም የጠየቀኝ የሰፈር ሰው የለም።

ሕያዋን በየት በኩል እንደወጡ አላየሁም። አስቴር ብቻ ቀረች። ግቢው መሐል ቆማ ስታየኝ ቆየችና ድንገት መሬት ላይ ተዘርፍጣ የልጆቿን ስም እየጠራች ጮኸች። ለቅሶው ከዓመታት በፊት የወጣላት መስሏቸው የነበሩት ሴቶች ግራ ተጋብተው ከበቧት። ዘነበ ከዚያ ቀን በኋላ ከተማው ውስጥ አልታየም፤ ሱቁን ሌላ ሰው ተከራየው።

እናቴ ግን አላለቀሰችም። ሬሳው ሊወጣ ሲል ሣጥኑ ላይ ተኝታ "አንድ ሰዓት ብቻ! ሊነሳ ነው፣ አንድ ሰዓት ስጡኝ!" አለች። ሰዎች በጉልበት ነው ያላቀቋት። ቀብር አልሄደችም። ስመለስ የአባቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ልቀመጥ ስል እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ።

"ጣቱ ተንቀሳቅሶ ነበር" አለችኝ። "እጁን ይዤው ነበር። ጣቱ እጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። የዚያን ጊዜ ጮህሽ።"

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኗል። ከእንዲህ ያለ ቤት ያመለጠ ሰው ነፃ የወጣ የሚመስላችሁ አንባቢዎች፣ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የወጣሁት ወደ የትም አይደለም። የድሮው አጥቢያችን ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ፤ ጥቂት ወራት ሄድኩና ተውኩት። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ ዓይኔን ገልጬ የሰዎቹን ፊት አያለሁ፤ ከእነዚህ ውስጥ ብቻውን ሲሆን የሚያምነው የቱ ይሆን እላለሁ። በአማኞች መሐል ሰላይ፣ በማያምኑት መሐል ደግሞ ባዕድ ሆኜ ቀረሁ። ጥርጣሬ ሰውን ያድናል ይላሉ። እኔን ያደረገኝ ብቸኛ ነው።

ሌላም ልንገራችሁ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሬሳ በሁለተኛ ቀኑ ምን እንደሚሆን አንድ ሐኪም ጠይቄ አስረድቶኛል። ጣት ሊንቀሳቀስ እንደሚችልና ምንም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ሥራ ላይ ሆኜ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ድንገት "ምናልባትስ?" የሚል ነገር ይመጣብኛል። ማመን ባቃተኝ ጊዜ ያልመጣ ነገር ዛሬ ለምን እንደሚመጣ አላውቅም። ያን ቀን በተራዬ "ቆመህ አይቼሃለሁ" ስል ከልቤ ብለው ኖሮስ? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሐኪም አላገኘሁም። ከእናንተ ውስጥ እንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ ሆናችሁ ሆዳችሁ አሜን ማለት ያቆመባችሁ ካላችሁ የምመክራችሁ የለኝም። አትጩኹ አልልም፤ መጮህ ነበረብኝ። ግን በሩን ከፍታችሁ ስትወጡ የምትወዱት ሰው ውስጥ እንደሚቀር እወቁት።

እናቴ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ሌላ ሰው የላትም። እህል ውሃ ስሰጣት ትቀበለኛለች፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ትለኛለች፣ እንደ ደግ ባዕድ። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ግን በፈቃዷ ነክታኝ አታውቅም። ቅርብ ጊዜ ልቧን ታማ ሆስፒታል አስተኛናት። ቤት ከተመለስን በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዋን ሳስተካክል ስሜን ጠራችኝ።

"ምሕረት።"

"አቤት እማዬ።"

"ጊዜዬ ሲደርስ ቶሎ እንዳትጮሂ።"

ትራሱን እንደያዝኩ ቆምኩ።

"ትንሽ ጠብቂኝ" አለች። "ለአባትሽ ያልጠበቅሽውን ለእኔ ጠብቂልኝ። እሺ?"

"እስከ መቼ እማዬ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ያን ቀን ኩሽና ውስጥ እንደነበሩት ናቸው፤ ስዋሽ የሚያውቁኝ ዓይኖች።

"እሺ" አልኳት።

አመነችኝ። እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥታ እጄን ያዘችኝ፤ እንደያዘችኝም እንቅልፍ ወሰዳት። እጄን ሳላስለቅቅ እስኪመሽ አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሿን አዳመጥኩ።